ጠዋት ጠዋት ወደ 2009 የሚመለሰው ኮምፒውተር

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የኮምፒውተር ሰዓትን የሚመለከቱ ናቸው። ለየብቻ ከምመልሳቸው አንድ ላይ ቢሆኑ ይሻላል ብዬ ለዛሬ ሰብስቤያቸዋለሁ። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌዋለሁ። እሱ በደንብ ከገባን ሌሎቹ ይቀሉናል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ አነስተኛ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። የምሠራበት ዴስክቶፕ ጠዋት ስከፍተው ጥቁር ስክሪን ላይ እንግሊዝኛ ይደረድርና ኤፍ 1ን ተጫኚ ይለኛል። ስጫነው ይከፈታል። ቀኑ ግን ጃንዋሪ 1 ቀን 2009 ሆኖ ይገኛል። ኢሜይሌን ልክፈት ስል ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል። ቀኑን በእጄ ሳስተካክለው ሁሉም ነገር ይሠራል፤ እስከ ማታም አይዛነፍም። በነጋታው ያው ነው። አንድ ባለሙያ ቫይረስ ነው ብሎ ፎርማት አደረገልኝ። ከፈልኩት፤ በማግስቱ ግን ተመልሶ ያው ሆነ። አሁን ደግሞ ማዘርቦርዱ ይቀየር እያለኝ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ማዘርቦርዱን እንዳይቀይሩ። ቫይረስም አይደለም። ያለቀው የሰዓቱ ባትሪ ነው። ሁለተኛ ፎርማት ከመክፈልዎ በፊት ስለጻፉልኝ ደስ ብሎኛል። በዚህች ትንሽ ባትሪ ሰበብ ስንት ሰው ፋይሉ ጠፍቶበታል፣ ስንቱ ያለ ጥፋቱ ገንዘብ ከፍሏል። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት።

ኮምፒውተርዎ ውስጥ ያለው ሰዓት አንድ አይደለም፣ ሁለት ነው። አንደኛው ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚያዩት፣ ዊንዶውስ የሚቆጥረው ነው። ይሄ ሰዓት የሚኖረው ሚሞሪ ላይ ነው። ኮምፒውተሩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ጠዋት ማብሪያውን ሲጫኑ ዊንዶውስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ቀርቶ የትኛው ዓመት ላይ እንዳለም አያውቅም።

ሁለተኛው ማዘርቦርዱ ላይ ነው። ከሳንቲም የማትተልቅ ባትሪ አለችው፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም መቁጠሩን አያቆምም። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ እንዳደረ ዘበኛ ነው። ባለቤቱ ዊንዶውስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። ዘበኛው የነገረውን ይዞ ቀኑን ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ዊንዶውስ በራሱ ነው የሚቆጥረው።

እርስዎን ግራ ያጋባዎትም ይሄው ነው። ጠዋት ካስተካከሉት በኋላ እስከ ማታ የማይዛነፈው ዊንዶውስ ባትሪ ያለውን ሰዓት ደጋግሞ ስለማይጠይቅ ነው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ በሰከንድ በቢሊዮን የሚቆጠር ምት የሚመታ ቆጣሪ አለ። ሲስተሙ መነሻውን አንዴ ካገኘ በእሱ እየቆጠረ ይሄዳል። ችግሩ ያለው መነሻው ላይ ነው።

ይሄ አሠራር ከድሮ የመጣ ነው። አይቢኤም በ1981 ያወጣው የመጀመሪያው ፒሲ ባትሪ ያለው ሰዓት አልነበረውም። ከዊንዶውስ በፊት የነበረው ሲስተም፣ ዶስ፣ ሲነሳ ቀኑን ጃንዋሪ 1 ቀን 1980 ብሎ ይይዝና ትክክለኛውን ቀንና ሰዓት ባለቤቱን ይጠይቅ ነበር። ባለቤቱ በየጠዋቱ ይጽፍለታል። ኩባንያው በ1984 ኤቲ የተባለውን ሞዴል ሲያወጣ አንድ የሞቶሮላ ቺፕ ከነባትሪው ጨመረበት። ዛሬ ሰዓቱ ራሱን የቻለ ቺፕ መሆኑ ቀርቶ ማዘርቦርዱ ላይ ካለው ትልቁ ቺፕ ጋር ተዋህዷል። የውስጥ አደረጃጀቱ ግን እስከ ዛሬ የዚያን የሞቶሮላ ቺፕ መልክ ይዞ ቀርቷል።

እስቲ ቀረብ ብለን እንየው። ያ ቺፕ 64 ባይት ብቻ ነው የሚይዘው። የመጀመሪያዎቹ አሥሩ ለሰዓት፣ ለአላርምና ለቀን ናቸው፦ ሰከንድ፣ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የሳምንቱ ቀን፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ ዓመት። ዓመቱ ሁለት አኃዝ ብቻ ነው፤ 2009 እዚያ ውስጥ 09 ብቻ ነው። ምዕተ ዓመቱን ለመመዝገብ ሌላ ቦታ መፈለግ ነበረበት። ሲስተሙ ሲነሳ እነዚህን ቁጥሮች አንድ በአንድ ነው የሚያነባቸው። እዚህ ላይ ደግሞ አደጋ አለ። 9፡59፡59 ላይ ሳለ ማንበብ ጀመረ እንበል። ሰዓቱን 9 ብሎ አነበበ። ደቂቃው ጋ ሳይደርስ ሰዓቱ ወደ 10፡00፡00 ቢዞር፣ የሚይዘው 9፡00፡00 ይሆናል። አንድ ሙሉ ሰዓት ወደኋላ ቀረ ማለት ነው። ስለዚህ ቺፑ በየሰከንዱ ቁጥሮቹን ሲያድስ አሁን እያደስኩ ነው የሚል ምልክት ያወጣል። ሲስተሙም ምልክቱ እስኪወርድ ጠብቆ ነው የሚያነበው። ይሄ ሁሉ እርስዎ ማብሪያውን ተጭነው ወንበርዎን እስኪስቡ ድረስ አልቋል።

ይህ ሰዓት የሚቆጥረው በኳርትዝ ነው። ኳርትዟ በሰከንድ 32,768 ጊዜ ትንቀጠቀጣለች። ይህ ቁጥር ሁለትን 15 ጊዜ በራሱ ሲያባዙት የሚገኝ ስለሆነ፣ 15 ጊዜ ለሁለት ሲካፈል ልክ አንድ ምት በሰከንድ ይወጣዋል። ርካሽ ኳርትዝ ግን ፍጹም አይደለችም። ከሚሊዮን በ20 ብትስት በቀን 1.7 ሰከንድ፣ በወር ወደ 50 ሰከንድ ገደማ ትዛነፋለች። የማንኛውም ኮምፒውተር ሰዓት በወር አንድ ደቂቃ ቢስት ባትሪውን አይጠርጥሩ። ወደ 2009 ሲመለስ ነው መጠርጠር።

ባትሪው ለምን ቶሎ አለቀ ካሉኝ፣ ሳይሆን አይቀርም የምለው ዲቫይደሩን ነው። ዴስክቶፕ ቢጠፋም ገመዱ መብራት ላይ እስከተሰካ ድረስ ፓወር ሳፕላዩ ለማዘርቦርዱ ትንሽ ኃይል ይሰጣል፤ ሰዓቱም በእሱ ይሠራል። ባትሪዋ ትነካ የነበረው መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ሱቅ ሲዘጋ ግን ሁላችንም ዲቫይደሩን አጥፍተን ነው የምንወጣው። ለእሳት አደጋ ሲባል ማጥፋቱ ልክ ነው፣ አይተዉት። ግን ሌሊቱን ሁሉ፣ እሑዱን ሁሉ፣ መብራት የሚጠፋበትን ጊዜ ሁሉ የምትሸከመው ያቺ ባትሪ መሆኗን ይወቁት።

እርግጠኛ ለመሆን ምንም የማያስከፍል መሞከሪያ አለ። አንድ ቀን ማታ ቀኑን አስተካክለው፣ ኮምፒውተሩን ሹት ዳውን ያድርጉና ዲቫይደሩን ሳያጠፉት ይተዉት። ሱቁን ባዶውን ላለመተው ከፈለጉ ምሳ ሰዓት ላይም ይሆናል። ከዚያ ሲከፍቱት ቀኑ ልክ ከሆነ፣ ዲቫይደሩ ሲጠፋ ግን ወደ 2009 ከተመለሰ ነገሩ አለቀ፤ ባትሪው ነው። በመሃል መብራት ከሄደ ሙከራው አይቆጠርም።

የሚገዙት ባትሪ ሲአር 2032 የሚባለው ነው። 3 ቮልት፣ ስፋቱ 20 ሚሊሜትር፣ ውፍረቱ 3.2 ሚሊሜትር። ቁጥሩ እራሱ ላይ ተጽፏል። ሌላ ቁጥር አይውሰዱ፤ 2025 የሚባለው ስፋቱ አንድ ዓይነት ስለሆነ ይመሳሰላል፣ ግን ቀጭን ነው። ቴስተር ያለው ሰው ካገኙ ከመግዛትዎ በፊት ያስለኩት። አዲስ ከሆነ 3 ቮልት ወይም ትንሽ ከፍ ይላል። መደርደሪያ ላይ ዓመታት ያደረ ባትሪ ተሸጦላቸው ከወር በኋላ የተመለሱ ደንበኞች አሉኝ።

ለመቀየር ገመዱን ከግድግዳው ይንቀሉ። ማብሪያውን አንዴ ተጭነው ይልቀቁ፣ የቀረው ኃይል ይውጣ። የኬዙን ጎን ይክፈቱና ብረቱን በእጅዎ ይንኩ። ባትሪዋን ፈልገው አያጧትም። ጎኗ ላይ ያለችውን ትንሽ ብረት ገፋ ሲያደርጓት ብድግ ትላለች። አዲሷን ጽሑፉ ወደ ላይ እንዲሆን አድርገው ይጫኑ። አሮጌዋን ጠረጴዛ ላይ እንዳይተዋት፣ በተለይ ሱቅ ውስጥ ሕፃን የሚውል ከሆነ። ሕፃን ከዋጣት ጉሮሮውን ታቃጥላለች፤ ሕይወት የሚቀጥፍ ነገር ነው።

ከዚያ ኮምፒውተሩን ሲያበሩ ዲሊት ወይም ኤፍ 2ን እየተጫኑ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ ውስጥ ይግቡ። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ይሙሉ። ብዙ ጊዜ ወሩ ይቀድማል፣ ቀኑ ይከተላል። ሰዓቱ በ24 ነው፤ ከቀኑ 9 ሰዓት ከሆነ 15፡00 ይጽፋሉ። ሴቭ ብለው ይውጡ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቆየ ማዘርቦርድ ላይ ባትሪው ሲያልቅ ሰዓቱ ብቻ አይደለም የሚጠፋው። የባዮስ ምርጫዎችም ወደ ፋብሪካው ይመለሳሉ። ከነሱ አንዱ ሃርድ ዲስኩ የሚነበብበት መንገድ ነው፤ ኤኤችሲአይ የነበረው አይዲኢ ሊሆን ይችላል። ያኔ ዊንዶውስ ሰማያዊ ስክሪን አውጥቶ አልነሳም ይላል። ፎርማት የሚደረገውም በብዛት እዚህ ላይ ነው። ባዮስ ገብቶ ያቺን አንድ ምርጫ መመለስ በቂ ሆኖ ሳለ የሰው የዓመታት ሥራ ይደመሰሳል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ወጣት ባለሙያዎች ይህን የምታነቡ ከሆነ እባካችሁ፣ ፎርማት ከማለታችሁ በፊት የባዮሱን ቀን ተመልከቱ።

ኢሜይሉ ለምን እምቢ አለ ላሉትም መልሱ ያው ነው። አስተማማኝ የሆነ ድረ ገጽ ሁሉ ሰርተፊኬት አለው። ሰርተፊኬቱ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ያገለግላል የሚል ተጽፎበታል። 90 ቀን ብቻ የሚያገለግሉ ሞልተዋል። ብሮውዘሩ ይህንን የሚያመሳክረው ከእርስዎ ኮምፒውተር ሰዓት ጋር ነው። ኮምፒውተሩ 2009 ላይ ነኝ ካለ፣ ዘንድሮ የተሰጠው ሰርተፊኬት ለእሱ ገና አልተወለደም። ስለዚህ በሩን ይዘጋል። መዝጋቱም ልክ ነው።

ታዲያ ኢንተርኔት እያለ ለምን ራሱ አያስተካክለውም? ዊንዶውስ ሰዓቱን ከኢንተርኔት ያመሳክራል፤ ግን ለብቻው የሚሠራ ኮምፒውተር ላይ ልዩነቱ ከ15 ሰዓት ከበለጠ አልቀበልም እንዲል ሆኖ ነው የተሠራው። የተሳሳተ ወይም ተንኮለኛ ሰርቨር ዓመታት ወደፊት ወይም ወደኋላ እንዳይወስደው ነው። ጥቂት ደቂቃ ሲስት ዝም ብሎ ያርማል፤ ዓመታት ሲስት ግን ሰው ይፈልጋል። የእርስዎ ኮምፒውተር ራሱን ያላረመው ስህተቱ ከዚያ ወሰን ውጭ ስለወደቀ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ላፕቶፔ ላይ ዊንዶውስም ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስም ጭኛለሁ። ከኡቡንቱ ወጥቼ ዊንዶውስ ስገባ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደኋላ ይቀራል። ዊንዶውስ ላይ አስተካክዬ ኡቡንቱ ስገባ ደግሞ 3 ሰዓት ወደፊት ይሄዳል። ባትሪው ይሆን? ሌላም ልጠይቅዎ፦ ከኢንተርኔት ሰዓት ሲያመጣ መንገድ ላይ የሚባክነውን ጊዜ እንዴት ያውቀዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ባትሪህ ጤነኛ ነው። ሁለቱ ሲስተሞች ስላልተግባቡ ነው። ያ ማዘርቦርድ ላይ ያለው ሰዓት ቁጥር ብቻ ነው የሚይዘው። ቁጥሩ የየት አገር ሰዓት እንደሆነ የሚጻፍበት ቦታ የለውም። ዊንዶውስ ከዶስ ዘመን በወረሰው ልማድ የአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ያነበዋል። ኡቡንቱ ደግሞ ዓለም አቀፉ ሰዓት ማለትም ዩቲሲ ነው ብሎ ያነበዋል። ኢትዮጵያ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት ትቀድማለች። ያየኸው 3 ሰዓት ይሄ ነው።

ጠዋት 3 ሰዓት ነው እንበል፤ በፈረንጅ 9፡00። ኡቡንቱ ቺፑ ላይ 6፡00 ብሎ ያስቀምጣል፣ እሱ ሲያነበው ሦስቱን ይጨምራል። ዊንዶውስ ሲመጣ ያንኑ 6፡00 እንዳለ ወስዶ ያሳይሃል። ዊንዶውስ ላይ ስታስተካክለው ቺፑ ላይ 9፡00 ይጽፋል። ኡቡንቱ በተራው ሦስት ጨምሮ 12፡00 ይልሃል። ሁለቱም በየራሳቸው ልክ ናቸው።

እኔ የምመክርህ ዊንዶውስን ወደ ዩቲሲ እንድታመጣው ነው። ሬጅስትሪ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ምርጫዎቹን በሚያስቀምጥበት መዝገብ ውስጥ፣ የሰዓት ዞን መረጃ የሚቀመጥበት ክፍል አለ። እዚያ ሪል ታይም ኢዝ ዩኒቨርሳል የምትባል፣ ቃላቷ ሳይነጣጠሉ የምትጻፍ መስመር ጨምረህ ዋጋዋን 1 አድርግ። ሬጅስትሪ ከመንካትህ በፊት ባካፕ ያዝ። ኡቡንቱን ወደ አገር ሰዓት ማምጣትም ይቻላል፣ ግን ራሱ ኡቡንቱ አይመከርም ብሎ ያስጠነቅቅሃል። እኛ እንኳን በዓመት ሁለቴ ሰዓት የሚቀየርበት አገር ላይ አይደለንም። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ላፕቶፕ ላይ ሁለት ሲስተም ሲኖር ሁለቱም በየተራ አንድ ሰዓት ሊያዞሩት ይችላሉ። ቺፑ በዩቲሲ ሲሆን ግን የሚዞር ነገር የለም።

ሁለተኛው ጥያቄህን ወድጄዋለሁ። የሚጠቀምበት ዘዴ ኤንቲፒ ይባላል። አሜሪካዊው ዴቪድ ሚልስ የነደፈው ነው፤ በ1985 በጽሑፍ ወጣ፣ እስከ ዛሬም እንገለገልበታለን። ሰውየው በ2024 አረፉ።

አሠራሩ አራት ሰዓቶችን መመዝገብ ነው። ላፕቶፕህ በራሱ ሰዓት ልክ 10፡00፡00 ላይ ጥያቄ ላከ። ሰርቨሩ ጥያቄውን በራሱ ሰዓት ከ10፡00 በኋላ በ5.100 ሰከንድ ተቀበለ። በ5.101 ሰከንድ መልሱን ላከ። ላፕቶፕህ መልሱን ያገኘው በራሱ ሰዓት በ0.201 ሰከንድ ነው። አሁን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። በላፕቶፕህ ሰዓት ደርሶ መልስ 0.201 ሰከንድ ፈጀ። ሰርቨሩ ጋ የቆየው 0.001 ነው። ስለዚህ መንገዱ 0.2 ሰከንድ ወሰደ፣ መሄጃው 0.1፣ መመለሻው 0.1። ጥያቄው ሰርቨሩ ጋ ሲደርስ ላፕቶፕህ ላይ 0.1 ነበረ ማለት ነው፤ ሰርቨሩ ግን 5.1 ይላል። ላፕቶፕህ 5 ሰከንድ ወደኋላ ቀርቷል። ሁሉም የቆመው መሄጃና መመለሻው እኩል ናቸው በሚለው ግምት ላይ ነው። መንገዶቹ እኩል ካልሆኑ ትንሽ ስህተት ይገባል። ለዚህ ነው ከአንድ በላይ ሰርቨር፣ ደጋግሞ የሚጠየቀው።

ልዩነቱ ጥቂት ሚሊሰከንድ ከሆነ ሲስተሙ ሰዓቱን አያዘልለውም። ትንሽ ያፈጥነዋል ወይም ያዘገየዋል፤ ቀስ ብሎ ይገጥማል። ሰዓት ወደኋላ ሲዘል የሚቃወሱ ፕሮግራሞች ስላሉ ነው። ሊኑክስ ሰዓቱ ከኢንተርኔት ጋር ከገጠመለት በኋላ በየ11 ደቂቃው ትክክለኛውን ወደ ቺፑ መልሶ ይጽፋል። በሚቀጥለው ቀን ሲነሳ የሚያነበው የተስተካከለውን ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ከዱባይ ላፕቶፕ አምጥታልኛለች። አዲስ አበባ ላይ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ሰዓቱን በእጄ አንድ ሰዓት ልቀንሰው?

መልስ፦ እንዳይነኩት እናቴ። ሰዓቱ ልክ ነው፤ አሁንም ዱባይ ያለ መስሎት ነው። ዱባይ ከእኛ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ሴቲንግ ውስጥ የሰዓት ዞኑን ናይሮቢ ወደሚለው ይቀይሩት። ዊንዶውስ ላይ ለእኛም የሚሆነው እሱ ነው። ዞኑን ትተው ሰዓቱን በእጅዎ ከቀነሱት ውስጡ ይሳሳታል። በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየር ባለ ስድስት አኃዝ የመግቢያ ኮድ የሚያወጣ ፕሮግራም ላፕቶፑ ላይ ካለ ኮዱ ሁሉ ውድቅ ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ጡረተኛ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ ደሴ ነው የምኖረው። የእድራችንን መዝገብ በኮምፒውተር እይዛለሁ። ኮምፒውተሩን በራሳችን አቆጣጠር ብዬ ቀኑን 2017፣ ሰዓቱንም በእኛ ሞልቼው ነበር። መዝገቡ ጥሩ ሆነልኝ፤ ኢንተርኔት ግን እምቢ አለ። የልጅ ልጄ ወደ ፈረንጁ መለሰብኝ። በራሳችን ቀን መጠቀም ለምን ነውር ይሆናል?

መልስ፦ አባቴ፣ ነውርማ አይደለም። የእድር መዝገብ በእኛ ቀን መያዝ አለበት። ወር የሚከፈለው፣ ሐዘንተኛ የሚረዳው፣ ጉባኤ የሚጠራው በእኛ አቆጣጠር ነው። የልጅ ልጅዎም ግን አላጠፋም። የኮምፒውተሩ ሰዓትና እርስዎ መዝገብ ላይ የሚጽፉት ቀን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ሲስተሙ አንዴ ከተነሳ በኋላ በሚቆጥረው ሰዓት ውስጥ ወርም ዓመተ ምሕረትም የለም። ሊኑክስ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ያለፉትን ሰከንዶች ነው። ዊንዶውስ ከ1601 ጀምሮ ይቆጥራል። ያንን ቁጥር ወደ ወርና ቀን የሚቀይረው ለማሳየት ሲል ብቻ ነው። እርስዎ 2017 ብለው ሲሞሉት የእኛን 2017 አልያዘም። የፈረንጁን 2017 ነው የያዘው፤ ስምንት ዓመት ገደማ ወደኋላ። ስለዚህ የድረ ገጾቹን ሰርተፊኬት አልቀበል አለ። ከላይ ለሐዋሳዋ እህታችን የነገርኳት ነገር ነው።

ኢንተርኔት ባይኖርም ደግሞ መዝገብዎ እንደያዙት አይቆይልዎትም ነበር። እስቲ ወሮቹን አብረን እንቁጠር። መስከረም አንደኛ ወር ስለሆነ ኮምፒውተሩ ጃንዋሪ ነው ይለዋል። ጃንዋሪ 31 ቀን አላት። እርስዎ ጥቅምት 1 ላይ ሲደርሱ እሱ ገና መስከረም 31 ላይ ነው። ጥቅምት ሁለተኛ ወር ነው፣ ለእሱ ፌብሩዋሪ። በ2017 ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ናት። ጥቅምት 28 እንዳለፈ ወደ ኅዳር 1 ይዘላል፤ ጥቅምት 29 እና 30ን ልሙላ ቢሉትም አይቀበልዎትም። ጳጉሜን ደግሞ ጭራሽ አያውቃትም፣ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውምና። በየወሩ በእጅዎ እያረሙ መኖር ነው። ያን ጊዜ የተቀመጠ ፋይል ሁሉ የተሳሳተ ቀን ይዞ ይቀራል፤ ኦዲተር ሲመጣ ማስረዳቱ ይከብዳል።

ሰዓቱም እንዲሁ ነው። በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን ኮምፒውተሩ 8፡00 ካለ ልክ ነው። ስድስቱን በልብዎ ይቀንሱለት፤ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት በእኛ ይተዉት።

የማቀርብልዎ ሐሳብ ይሄ ነው። የኮምፒውተሩን ሰዓት በፈረንጁ ይተዉት። የመዝገቡ የቀን ዓምድ ላይ ግን የእኛን ቀን ይጻፉ። ዓምዱን የቀን ሳይሆን የጽሑፍ ዓምድ ያድርጉት፤ ያኔ ጳጉሜ 5ንም ጥቅምት 30ንም ያለ ክርክር ይቀበላል። ዓመቱን አስቀድመው፣ ከዚያ ወሩን በሁለት አኃዝ፣ ከዚያ ቀኑን በሁለት አኃዝ ቢጽፉት በቅደም ተከተል ይደረደርልዎታል፦ 2017-02-30፣ 2017-13-05። የልጅ ልጅዎ ፕሮግራም የመሥራት ፍላጎት ካለው ደግሞ ይህን ይንገሩት። የዛሬ ብሮውዘሮች የኢትዮጵያን አቆጣጠር አብሮ ገብቶላቸው ያውቁታል። ቀኑን በእኛ አሳየኝ ብሎ ማዘዝ ብቻ ነው የሚጠበቅበት፤ ቀመሩን ከዜሮ መጻፍ የለበትም። የእድራችሁን መዝገብ በእኛ ቀን የሚያሳይ ቆንጆ ገጽ ሊሠራልዎት ይችላል። ቢሠራልዎት ደስታዬ ነው፤ ይጻፉልኝ።

ጥያቄ፦ አዳማ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ነኝ። ለተማሪዎቼ ራስፕበሪ ፓይ 4 የሚባል፣ በአንድ ሰሌዳ ላይ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር አለን፤ የክፍሉን ሙቀት በየአሥር ደቂቃው እንዲመዘግብ አድርገነዋል። ኢንተርኔት የለንም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ምዝገባው የሄደበት ሰዓት ላይ ይቀጥላል እንጂ የጠፋውን ጊዜ አይዘልም። ሁለት ሰዓት ጨለማ እንዳልነበረ ይሆናል።

መልስ፦ መምህር፣ ሰሌዳው ላይ ባትሪ ያለው ሰዓት ስለሌለ ነው። ዋጋውን ለመቀነስ ሲባል አልተደረገለትም። ሲነሳ ምንም የሚጠይቀው ስለሌለው ሲስተሙ በየጊዜው ሚሞሪ ካርዱ ላይ ጽፎ ያስቀመጠውን የመጨረሻ ሰዓት አንስቶ ከዚያ ይቀጥላል። ወደ 1970 ከመመለስ ይሻላል፤ ግን የጠፋችሁበትን ጊዜ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ኢንተርኔት ቢኖር ከተነሳ በኋላ ራሱን ያርም ነበር።

ዲኤስ 3231 የምትባል ባትሪ ያላት ትንሽ የሰዓት ሞጁል ግዙ። ከፓዩ ጋር በአራት ሽቦ ትያያዛለች፦ ሁለቱ ለኃይል፣ ሁለቱ ለመረጃ። ሙቀት ሲለዋወጥ ራሷን ስለምታርም ከተራው የኮምፒውተር ኳርትዝ በጣም ትሻላለች። አንድ ጊዜ ስልክ ላይ ያለውን ሰዓት አይታችሁ ትክክለኛውን ጻፉባት። ከዚያ የፓዩ ማስነሻ ፋይል ላይ ሞጁሏ መኖሯን የሚገልጽ መስመር ጨምሩ፣ የመጨረሻውን ሰዓት ከካርድ የሚያነሳውን ፕሮግራምም አጥፉት፤ አለዚያ ሁለቱ ይጣላሉ። ትምህርት ቤቱ ወደፊት ሌላ ለመግዛት ካሰበ ፓይ 5 ሰዓቱ አብሮት አለ። ባትሪው ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው፤ ስታዝዙ አብራችሁ እዘዙ።